የዙበይዳ ውሃና የእኛ ቦይ



የዙበይዳን ስም ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። ይሁንና ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በሺህ አንድ ሌሊት ተረት ውስጥ፣ በሐርና በወርቅ አጊጠው ከሃሩን አር-ረሺድ ጎን እንደተቀመጡ ነው። ተረቱ ቤተ መንግሥቱን ያሳየናል እንጂ በመካ ተራሮች መካከል ተጠርቦ የሄደውን የድንጋይ ቦይ አያሳየንም። እኔም ለብዙ ዓመታት ከዚህ የተሻለ እውቀት አልነበረኝም። የኚህን ሴት ታሪክ ከልቤ እንድከታተል ያደረገኝ እዚሁ ማጀቴ ውስጥ በራሴ ጥፋት የደረሰ አንድ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ማጀቴ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን፣ የይፋት ቆላና ደጋው በሚገናኙበት ግርጌ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢያችን ኑሮ ከተራራው በሚወርደው ውሃ የተያዘ ነው። ፍራፍሬውም ሽንኩርቱም የሚበቅለው አባቶቻችን ቆፍረው፣ በድንጋይ ደግፈው ባወረዱት ቦይ ነው። ውሃው በተራ ይጠጣል፤ ተራውንም የሚያዙት የውሃ አባት ናቸው። የበጋው መስኖ ከመጀመሩ በፊት ባለ ድርሻ ሁሉ አካፋውን ይዞ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። አንድ ዓመት ግን እኔ በንግድ ተጠምጄ ከጠረጋው ቀረሁ። ኅሊናዬን ለማስታገስም በዚያው ሰሞን ለመስጂድ ሥራ በርከት ያለ ገንዘብ ሰጠሁ። እንደ እኔ የቀሩ ሌሎችም ነበሩ። ደለል የያዘው ቦይ ራስጌ ላለነው ሲበቃ ግርጌ ላሉት ሳይደርስ ቀረ። ግርጌ ካሉት አንዷ የቲሞች የምታሳድግ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የሽንኩርት ችግኟ በመደቡ ላይ እንዳለ ደረቀ። የውሃ አባታችን አልተቆጡኝም። የሰጠሁት ሶደቃ እስከዚያች ሴት ማሳ ደርሶ እንደሆነ ብቻ በእርጋታ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ነው ውሃን በሶደቃ ስላስፈሰሱት ሰዎች ማንበብ የጀመርኩት፤ ንባቡም ወደ ዙበይዳ አደረሰኝ።

ዙበይዳ የተወለዱት በ2ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ760ዎቹ ዓመታት አካባቢ ነው። ትክክለኛ ስማቸው አመተል-ዐዚዝ ነበር። ባግዳድን የቆረቆሩት ኸሊፋ አቡ ጀዕፈር አል-መንሱር አያታቸው ናቸው። ኸሊፋው ሕፃኗን ሲያጫውቱ በቅላቷና በወፍራምነቷ ተገርመው ከቅቤ ጋር በማመሳሰል ዙበይዳ እንዳሏትና ስሙ በዚያው ጸንቶ እንደቀረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። አባታቸው ጀዕፈር የሞቱት እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ781 ወይም 782 (በ165 ዓ.ሂ) ከአጎታቸው ልጅ ከሃሩን ጋር ተጋቡ። ሃሩን በ170 ዓ.ሂ ኸሊፋ ሲሆኑ ዙበይዳ የዘመኑ ታላቅ መንግሥት እመቤት ሆኑ። በዚያው ዘመን መባቻ ልጃቸው ሙሐመድ፣ በኋላ አል-አሚን የተባሉት፣ ተወለዱ።

ስለ ቅምጥልነታቸው የሚነገረውን መደበቅ አያስፈልግም። አል-መስዑዲን የመሰሉ ጸሐፊዎች በዕንቁ የተለበጠ ጫማ እስከማሠራት እንደደረሱ ጽፈዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በቤታቸው ቁርኣን በቃላቸው የያዙ 100 ሴት አገልጋዮች በየተራ ይቀሩ እንደነበርና የቅራአታቸው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ የንብ ቀፎ ይመስል እንደነበር ተመዝግቧል። የሰው ልጅ ሕይወት እንዲህ የተደባለቀ ነው። ከጫማው ዛሬ የቀረ ነገር የለም። የቀረው ሌላ ነው።

የመካ የውሃ ታሪክ የሚጀምረው በአንዲት እናት ሩጫ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሐጀር በሰፋና በመርዋ መካከል ለልጃቸው ለኢስማዒል (ዐ.ሰ.) ውሃ ፍለጋ ተንከራተቱ፤ አላህም ዘምዘምን ሰጣቸው። ሆኖም እስልምና በዓለም ሲሰራጭ፣ ሑጃጁም በብዙ ሺህ ሲቆጠር የከተማዋ ጉድጓዶች የሚበቁ አልሆኑም። ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) በዘመናቸው ወደ መካ ምንጮችን አስገብተው ነበር፤ ጊዜ ሲያልፍ ግን ተበላሽተው ደረቁ። የመካን ታሪክ የጻፉት አል-አዝረቂ እንደሚነግሩን በሐጅ ወቅት አንድ ትልቅ የውሃ አቁማዳ እስከ 10 ድርሀምና ከዚያም በላይ ይሸጥ ነበር። ይህ ለባለጠጋው ምንም ላይሆን ይችላል። ከሩቅ አገር በእግሩ ለመጣ ድሃ ግን ስንቁን በሙሉ የሚጨርስ ዋጋ ነበር።

ይህ ወሬ ዙበይዳ ዘንድ ደረሰ። እንደ አል-አዝረቂ አገላለጽ እ.ኤ.አ. በ809 ወይም 810 (በ194 ዓ.ሂ) በመካ የውሃ ገንዳ እንዲሠራ አዘዙ። ከዚህ ላይ ዘመኑን ልብ እንበል። ሃሩን በ193 ዓ.ሂ ሞተዋል፤ ዙበይዳ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። መጀመሪያ ውሃው የተሳበው ከቅርብ ቦታ ስለነበር ጥቂት ሆነና አልበቃም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ግዴታዬን ተወጣሁ ብሎ ይቀመጣል። ዙበይዳ ግን መሐንዲሶችን እንደገና ልከው ከሐረም ክልል ውጭ ያለውን ምንጭ አስጠኑ።

ችግሩ ተራራ ነበር። ከሐረም ውጭ ያለው ውሃ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ ሐረም ሊገባ አይችልም የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ጸንቶ ነበር። ዙበይዳ ተራራው እንዲፈለፈል አዘዙ። በእያንዳንዱ የመጥረቢያ ምት አንድ ዲናር ቢወጣ እንኳ ሥራው እንዳይቆም አሳስበዋል ተብሎ ይተረካል። በሑነይን የአትክልት ቦታ የነበረውን ምንጭም ፈለጉት። የኸሊፋ እናት ስለነበሩ በአንድ ደብዳቤ ሊወስዱት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ቦታውን ከነውሃው ገዙት። ምንጩን ወደ ቦዩ አዞሩ፤ የአትክልቱን ቦታ ደግሞ የክረምት ጎርፍ የሚጠራቀምበት ግድብ አደረጉት። ሑጃጅን ለማጠጣት ተብሎ የማንም ሐቅ አልተነካም።

ሁለተኛው መስመር ከኑዕማን ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ዐረፋ የሚሄደው ነው። ዐረፋ ከመካ በስተደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቦዩ የረሕማን ተራራ ግርጌ ታክኮ፣ በሙዝደሊፋ በኩል አልፎ ወደ ሚና አቅጣጫ ያቀናል። ግንቡ ከድንጋይ ነው፤ ውስጡ በኖራ ተለስኗል፤ ላዩ ፀሐይና አሸዋ እንዳያገኘው በድንጋይ ተከድኗል። በየተወሰነ ርቀት ሰው ገብቶ ደለል የሚያወጣበት ቀዳዳ ተትቶለታል። ውሃው የሚሄደው ያለ ምንም ሞተር፣ በቁልቁለቱ ኃይል ብቻ ነው። መስኖ የሚያውቅ የማጀቴ ገበሬ የዚህ ሥራ ክብደት ይገባዋል። ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው ግንቡን ይቦረቡረዋል፣ ካነሰ ደለሉ ይተኛል። ይህን ልክ በገደልና በሸለቆ መካከል በብዙ ኪሎ ሜትሮች ላይ ጠብቆ መሄድ የትልቅ ጥበብ ምልክት ነው። በዐረፋ ኮረብታ ላይ የቦዩ ግንብ ዛሬም ይታያል።

ወጪውን አል-መስዑዲ 1,700,000 ዲናር ያደርሱታል። የሒሳብ መዝገቡ ሲቀርብላቸው ሒሳቡን ለሒሳብ ቀን ትተነዋል በሚል መንፈስ ወንዝ ውስጥ እንዲጣል አዘዙ እየተባለም ይተረካል። ዙበይዳ ከኩፋ ወደ መካ በሚወስደው፣ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የሐጅ መንገድ ላይም ገንዳዎችን፣ ጉድጓዶችንና ማረፊያዎችን አሠርተዋል። መንገዱ ከእሳቸው በፊት የነበረ ቢሆንም ሕዝቡ የዙበይዳ መንገድ ብሎ የጠራው ውሃውን ቀምሶ ነው።

በዚያው ጊዜ ግን በባግዳድ ሌላ ነገር እየተፈጸመ ነበር። ሃሩን በሕይወት ሳሉ ሥልጣን ከአል-አሚን ወደ ወንድማቸው ወደ አል-መእሙን እንዲተላለፍ የሚያዝ ቃል ኪዳን አጽፈው፣ እ.ኤ.አ. በ802 (በ186 ዓ.ሂ) በከዕባ ውስጥ አሰቅለውት ነበር። አባት ከሞቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የአል-አሚን ሰዎች ያንን ሰነድ አስመጥተው ቀደዱት። ወንድማማቾቹ ተዋጉ፤ ባግዳድ ከአንድ ዓመት በላይ ተከበበች፤ እ.ኤ.አ. በ813 (በ198 ዓ.ሂ) አል-አሚን ተገደሉ። በከዕባ የተሰቀለው ወረቀት ለጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይጸና ሲቀር፣ እናቲቱ በመካ ምድር ያስቀመጡት ድንጋይ ግን ጸንቶ ቆየ።

ዙበይዳ አንድ ልጃቸውን ቀበሩ። የልጃቸውን ደም ለመበቀል እንዲነሡ የገፋፏቸው ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ባግዳድ ደም እንደጠገበች ያውቁ ነበር። በጦርነቱ የተዋረዱትና ሀብታቸውም የተነካባቸው ቢሆንም፣ ከእንጀራ ልጃቸው ከአል-መእሙን ጋር ታርቀው እንደ እናት ተከብረው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ825 (በ210 ዓ.ሂ) አል-መእሙን ቡራንን ሲያገቡ በሠርጉ ላይ ተገኝተዋል። ሙሽራዪቱ ከኸሊፋው የፈለገችውን እንድትጠይቅ ሲፈቀድላት፣ ከለመነቻቸው ነገሮች አንዱ ዙበይዳ ሐጅ እንዲያደርጉ እንዲፈቀድላቸው ነበር። ፈቃዱም ተሰጠ።

ከሕይወታቸው ታሪክ ሁሉ ልቤን የነካው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። በዚያው በ210 ዓ.ሂ ሷሊሕ ኢብን ዐባስ የተባሉ ሹም በኸሊፋው ፈቃድ ከዙበይዳ ገንዳ ውሃ ስበው በመካ ገበያዎች አጠገብ አምስት ትናንሽ ገንዳዎች አሠሩ። ምክንያታቸው በከተማዋ ታችኛው ክፍል የሚኖረው ሰው እስከ ላይኛው ገንዳ ድረስ መድከሙ ነበር። ሥራው መልካም ነበር። ዙበይዳ ግን ሲሰሙ አዘኑ። በ211 ዓ.ሂ ለሐጅ መካ ሲገቡ ሷሊሕ ሊጎበኟቸው ቢመጡ ወቀሷቸው። ወቀሳቸው ለምን ሠራህ የሚል አልነበረም። በመካ ሰዎች ጉዳይ የነየትኩትን እስከ መጨረሻው እንድፈጽምና ወጪውን እንድችል ለምን አልጻፍክልኝም የሚል ነበር። ሷሊሕም ይቅርታ ጠየቁ። ባላቸውን፣ ልጃቸውንና ሥልጣናቸውን ያጡት እኚህ አሮጊት ያን ያህል ገንዘብ ካወጡ በኋላም ሥራው አልቋል ብለው አልተቀመጡም ነበር። ጭንቀታቸው በታችኛው ሰፈር ውሃ ያልደረሰው ሰው ነበር። እኔ በጠረጋው ቀን የረሳሁት እሱን ነው።

ዙበይዳ እ.ኤ.አ. በ831 (በ216 ዓ.ሂ) በባግዳድ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ሶደቃ ጃሪያ ግን አይቋረጥም። ይህን ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። ነገር ግን የሚፈስ ሶደቃ እንዲፈስ የሚጠርግ ሰው ይፈልጋል። የዙበይዳ ቦይም በጎርፍና በቸልታ ብዙ ጊዜ ተደፍኗል። በ6ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኢርቢሉ ገዢ ሙዘፈረዲን አሳደሱት። እ.ኤ.አ. በ1326 (በ726 ዓ.ሂ) ደግሞ አሚር ጁባን የሑነይኑን መስመር አስጠግነው ውሃውን ዳግም ወደ መካ አስገቡ። የዐረፋው መስመር ግን ከመጀመሪያውም አንድ ጎደሎ ነበረው። ቦዩ ከሚና አጠገብ ሲደርስ እጅግ ጠንካራ አለት ስለገጠመው፣ የዙበይዳ ጉድጓድ በሚባለው ቦታ ቆሞ ወደ ከተማዋ ሳይገባ ቀርቷል።

ያንን ጎደሎ የሞላችው ሌላ ሴት ናት። የዑስማኒያው ሱልጣን የሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ በራሷ ወጪ ሥራውን አስጀመረች። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1562 እስከ 1571 (ከ969 እስከ 979 ዓ.ሂ) ቆየ። የመካው ዓሊም አን-ነህረዋሊ እንደጻፉት 2,000 ክንድ የሚሆነው መንገድ አለት ነበር። ሠራተኞቹ ሌሊት በአለቱ ላይ እንጨት ከምረው ያነዱ ነበር፤ በሙቀቱ የላላውን ሲነጋ ይፈለፍላሉ፤ ሲመሽ እንደገና ያነዳሉ። የሥራው ኃላፊ መጨረሻውን ሳያዩ ሞቱ፤ ሌሎች ተተኩ። ዙበይዳ ከጀመሩት 760 ዓመታት ያህል በኋላ ውሃው አለቱን አልፎ መካ ገባ። የከተማዋ ውሃ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ተጣርቶ በሚመጣው እስኪተካ ድረስ፣ የመካ ሕዝብም የዓለም ሑጃጅም ከዚሁ ቦይ ሲጠጡ ኖረዋል።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል-ዑመሪ በካይሮ ሆነው ስለ ይፋት ሲጽፉ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ የሚበቅልባት አገር መሆኗን መዝግበዋል። ከነገሯቸው ሰዎች አንዱ ከወዲህ የሄዱት ፈቂህ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ ነበሩ። በአል-አዝሀርም የጀበርት ተማሪዎች የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። በወለስማዎች ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ ከይፋት ተነሥተው፣ በረሃውንና ባሕሩን ተሻግረው ዐረፋ ላይ የቆሙ አባቶቻችን ጥማቸውን የቆረጡት ከየትኛው ውሃ ነው? የዙበይዳ ቦይ ባለውለታችን ነው። ድንጋይ መሥራት ለእነሱም አዲስ ነገር አልነበረም። በይፋት ቁልቁለቶች ላይ በኖራና በአስበሪ የተገኙት የመስጂድና የከተማ ፍርስራሾች የእጃቸው ምስክር ናቸው።

አንዳንድ ወንድሞች ዙበይዳ ንግሥት ነበሩ፣ ገንዘብ ነበራቸው፣ እኛ ምን አለን ይሉኛል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝብ ሲለቁ፣ ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ.) ለሟች እናታቸው የውሃ ሶደቃ ሲያደርጉ፣ እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ተራራ መፈልፈል አይደለም። አባቶቻችን ፈልፍለውልናል። ከእኛ የሚጠበቀው መጥረግ ነው።

በመሆኑም ለአካባቢዬ ሰዎች ሦስት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ከቦይ ጠረጋ መቅረትን በሌላ ሶደቃ እንደማንክሰው እንወቅ፤ የሰው ሐቅ በሐቁ ቦታ ነው የሚከፈለው። ሁለተኛ፣ ለመስጂድ ወቅፍ እንደምናደርገው ሁሉ ለቦይም ወቅፍ ይኑር። አንዱ የአንድ ማንጎ ዛፍ ፍሬ፣ ሌላው የአንዲት ሱቅ ኪራይ ቢያወጣ፣ በየዓመቱ ለሲሚንቶውና ለድንጋዩ ይበቃል። አዲስ ቦይ በሰው ማሳ ማለፍ ካለበትም፣ ዙበይዳ ሑነይንን እንደገዙ ባለቤቱ ተስማምቶና ዋጋውን አግኝቶ ይሁን። ሦስተኛ፣ ውሃ ሲያንስ ግርጌ ያለው ይቅደም። ውሃው የሚያልፈው በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ማሳ ነው፤ ጥማት ሃይማኖት አይለይም። ይህን የሚወስነው ሸንጎ ላይም ጀሪካን ተሸክመው የሚውሉት እናቶቻችንና እህቶቻችን ይቀመጡ። የመካን ውሃ የጀመሩትም የፈጸሙትም ሴቶች ሆነው ሳለ፣ በእኛ የውሃ ስብሰባ ላይ ሴት አለመኖሯ ሊያሳፍረን ይገባል።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ዓመት ወዲህ ከጠረጋ ቀርቼ አላውቅም። ስሄድም ከራስጌ አልጀምርም፤ ከዚያች ሴት ማሳ ጀምሬ ወደ ላይ እወጣለሁ። የደረቀባትን ችግኝ ግን ይህ አይመልስላትም። ዐፉ እንድትለኝ ጠይቄያታለሁ፤ አላህም ይቅር ይበለኝ። ለዙበይዳ፣ ለሚህሪማህ፣ ስማቸው ላልተጻፈው ድንጋይ ጠራቢዎች፣ የማጀቴን ቦይ ላወረዱልን አባቶቻችንም አላህ እዝነቱን ያውርድላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።